ከሁለቱ የቱ? ትልቅ ስክሪን ያላቸውን ሁለት ስልኮች ከመግዛት በፊት እንዴት እናወዳድር

ለእኛ ለኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ስልክ መግዛት የአንድ ሙሉ ቀን ጉዳይ ነው። ጠዋት ተሰልፎ አውቶቡስ መጠበቅ አለ፤ መገናኛ ወይም መርካቶ ደርሶ ከሱቅ ሱቅ መዞር አለ፤ ማታ ተጋፍቶ መመለስ አለ። ቤት ገብታችሁ ካርቶኑን ከከፈታችሁ በኋላ «የፈለግሁት ይህን አልነበረም» ካላችሁ ሌላ አንድ ቀን ይቃጠላል፤ ያውም ሻጩ እለውጣለሁ ካለ ነው። ስለዚህ የማወዳደሩ ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ሰፈር ውስጥ ይለቅ። ሱቅ የምትሄዱት ያወቃችሁትን አረጋግጣችሁ ለመክፈል ብቻ ይሁን።

ይህን ቅደም ተከተል ያወጣሁት ለታናሽ እህቴ ስልክ ስንመርጥ ነው። እህቴ ባልትና ታዘጋጃለች። በርበሬውንና ሽሮውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትለቃለች፤ ሂሳቧን በቴሌብር ትቀበላለች። የአሮጌ ስልኳ ስክሪን ተሰንጥቆ ፊደሉ አልነበብ ሲላት «አሁንስ ትልቅ ስክሪን ያለው ነው የምገዛው» አለች። በሰፈራችን በብዛት የሚወራላቸው ሁለት ነበሩ፤ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 እና ሬድሚ ኖት 13። የመጀመሪያው በ2023 ማብቂያ፣ ሁለተኛው በ2024 መጀመሪያ (ሁለቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የወጡ፣ ገበያ ላይ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ስልኮች ናቸው። እናንተ የምታወዳድሩት ተከታዮቻቸውን ኤ16ንና ኖት 14ን፣ ወይም ጨርሶ ሌላ ጥንድ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ አሠራሩ ያው ነው።

1. ሙሉ ስሙን በወረቀት ያዙ

«ሬድሚ ኖት 13 አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የጠየቀው ስለ አንድ ስልክ ሳይሆን ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህ ስም ሥር ባለ 4ጂ፣ ባለ 5ጂ፣ ፕሮ 4ጂ፣ ፕሮ 5ጂ እና ፕሮ ፕላስ አሉ፤ ፕሮሰሰራቸውም (የስልኩ አንጎል ማለት ነው) ካሜራቸውም ይለያያል። ኤ15ም እንዲሁ ነው። ባለ 4ጂው ሄሊዮ ጂ99 የሚባል ፕሮሰሰር ሲኖረው ባለ 5ጂው ዲመንሲቲ 6100 ፕላስ ነው ያለው። ከውጭ ስታዩአቸው ግን መንታ ናቸው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ብቻ ጠርቼ አንድ ስልክ ገዛሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ፕሌይ ስቶር የለውም፤ ከተጫኑት መተግበሪያዎች ግማሾቹ በቻይንኛ ናቸው። ለቻይና ገበያ የተዘጋጀው ዓይነት ኖሯል። በማግሥቱ ይዤው ስሄድ ሻጩ አገላብጦ አየውና «ይሠራል አይደል?» አለኝ። ይሠራል። «ስሙስ የጠየቅኸው ነው አይደል?» ነው። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ ሙሉ ስሙ፣ 4ጂ ይሁን 5ጂ፣ ራሙ (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ማከማቻው ስንት ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ የሞዴል ቁጥሩ። የኤ15 ባለ 4ጂው ቁጥር ኤስኤም-ኤ155 ብሎ ይጀምራል፤ ባለ 5ጂው ኤስኤም-ኤ156 ብሎ። ቁጥሩ ካርቶኑ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ እንዲሁም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ ይገኛል። ለሬድሚ ለዓለም አቀፍ ገበያ የተዘጋጀው መሆኑን ጨምራችሁ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ ኤ15 እና ኖት 13 ስል ባለ 4ጂዎቹን ማለቴ ነው።

ራም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «16 ጊጋ ራም ነው» ከተባላችሁ «8 ሲደመር 8 ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው ተቆርሶ በራም ስም የሚቆጠር ነው፤ የእውነተኛውን ራም ያህል አይፈጥንም። ሁለቱም ድርጅቶች ይህን አገልግሎት በስልካቸው ውስጥ ስላስገቡት አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። የምታወዳድሩት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

2. ቀናችሁን ጻፉ

ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚውል በተርታ ጻፉ። የእህቴ ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር፦ ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትእዛዝ ታነባለች፤ ቀን እጇ በርበሬ ነክቶት ሳለ በአንድ አውራ ጣት ትመልሳለች፤ ስልኩ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ይውላል፤ ሁለት ሲም ትይዛለች፤ መብራት ሲጠፋ ብርሃኗም ራዲዮዋም እሱ ነው፤ ማታ ድራማ ታይበታለች። ጌም አትጫወትም።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ አተረፈችልን። የፕሮሰሰሩን ክርክር ዘጋችው። ጌም ለሚጫወት ሰው ግን እነሆ፦ የኤ15 ሄሊዮ ጂ99 ከኖት 13 ስናፕድራገን 685 ይልቅ አዲስ ንድፍ ያላቸው ሁለት ጠንካራ ኮሮች (ሥራውን የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ስላሉት ከበድ ባለ ሥራ ላይ ይሻላል። ለቴሌግራምና ለቴሌብር ሁለቱም ይበቃሉ።

3. ኢንቹን ፍቱት

ትልቅ ስክሪን ለሚፈልግ ሰው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። ኤ15 6.5 ኢንች፣ ኖት 13 ደግሞ 6.67 ኢንች ነው። ሻጩ «ያኛው ይበልጣል» ይላችኋል፤ አልዋሸም። ጥያቄው በየት በኩል ይበልጣል የሚለው ነው።

የኤ15 ስክሪን ቁመትና ስፋት 19.5 ለ 9፣ የኖት 13 ደግሞ 20 ለ 9 ነው። በዚህ ሂሳብ የኤ15 ስክሪን ስፋት 6.92 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። የኖት 13 ስፋት 6.95፣ ቁመቱ 15.45 ይሆናል። የስፋት ልዩነታቸው ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ዓይን አያየውም። ትርፉ ሁሉ የሄደው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የአማርኛ መልእክት ስታነቡ በአንድ መስመር የሚገባው ፊደል ያው ነው፤ ኖት 13 ከግርጌ አንድ መስመር ያህል ጨምሮ ያሳያችሁ ይሆናል እንጂ ፊደሉን አያተልቀውም። ዓይናቸው ለደከመ እናት ወይም አባት ስልክ የምትገዙ ከሆነ ኢንች ከማሳደድ ይልቅ ሴቲንግ ገብቶ የፊደሉን መጠን ማሳደግ ይበልጥ ይጠቅማል፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው።

አሁን ወደ አካላቸው እንምጣ። ኤ15 ወርዱ 76.8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 8.4፣ ክብደቱ 200 ግራም ነው። ኖት 13 ወርዱ 75.6፣ ውፍረቱ 8 ገደማ፣ ክብደቱ 188.5 ግራም ነው። ልብ በሉ፤ ስክሪኑ የሚበልጠው ስልክ በእጅ ሲያዝ ይጠባል፣ ይቀላልም። የኤ15 ጠርዝ ወፈር ያለ ስለሆነ ነው። ከስክሪኑ ኢንች ብቻ ተነስቶ «ትልቁ ለእጄ አይመችም» ያለ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነበር።

ስልኮቹ በእጃችሁ ከሌሉ ይህን አድርጉ። ከጫማ ካርቶን ላይ አንዱን 16 በ7.7፣ ሌላውን 16.2 በ7.6 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። እህቴ ሚዛን ስላላት አንድ እርምጃ ጨመረችበት፤ 200 ግራም ሽሮ በላስቲክ መዝና ከካርቶኑ ጋር በፕላስተር አጣበቀችው። ከዚያ ሽርጧ ኪስ ከትታው ምጣድ ላይ ጎንበስ ስትል ሽሮው ሾልኮ ወለል ላይ ዘጭ አለ። ስቀናል። ግን በዚያው ቀን ጥልቅ ኪስ ያለው ሽርጥ አሰፋች። ስልኩ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ስክሪን መሰንጠቁ ነበር።

ሄርዝ የሚሉት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው፤ 90 ለኤ15፣ 120 ለኖት 13። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ስታሸራትቱ ልዩነቱ ይታያል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ይረሳል። ሁለቱም አሞሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበት የስክሪን ዓይነት) ናቸው፤ ጥራታቸውም ያው ነው፤ በወርዳቸው 1080 ነጥብ አላቸው። ከቁጥሮቹ ሁሉ ለእኛ ሰፈር የሚበጀው ኒት ነው፤ የስክሪን ድምቀት መለኪያ ማለት ነው። ኤ15 እስከ 800፣ ኖት 13 እስከ 1,800 ይደርሳል ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ቁጥር የሚደረስበት ብርቱ ፀሐይ ላይ፣ ድምቀቱ በራሱ እንዲስተካከል ሲፈቀድለት ብቻ ስለሆነ ወረቀቱን አትመኑ፤ ደጅ አውጥታችሁ እዩት።

4. ተበደሩ

ኮንዶሚኒየም መኖር ብዙ ጣጣ አለው፤ አንድ ጸጋ ግን አለው። ገበያ ላይ በብዛት ያለ ስልክ ከአንዱ ፎቅ አይጠፋም። ኤ15 ምድር ቤት ቡና በሚያፈሉት እናት እጅ ነበር፤ ኖት 13 አራተኛ ፎቅ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር። «እማማ፣ ስልክዎን ለግማሽ ሰዓት ቢያውሱኝ?» ስላቸው ረከቦቱን እያስተካከሉ ቀና አሉና «ከዓይኔ ካላራቅኸው ውሰድ» አሉኝ። ልክ ናቸው። የሰው ስልክ የሰው ቦርሳ ነው፤ ባለቤቱ አጠገባችሁ ይሁን፣ ራሱ ይክፈትላችሁ፣ የምትነኩትም የተፈቀደላችሁን ብቻ ይሁን።

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይሁን። ሁለቱንም ስክሪን በጨርቅ ጥረጉ፤ አንድ ዓይነት የአማርኛ መልእክት ክፈቱ፤ ድምቀቱን በራሱ እንዲስተካከል አድርጉ፤ ጎን ለጎን ያዟቸው። እኛ ስናደርገው ልዩነቱ ክርክር አላስፈለገውም። ኖት 13 እንደ ወትሮው ተነበበ፤ ኤ15ን ለማንበብ እህቴ በመዳፏ ጥላ መሥራት ነበረባት። ጥላ ውስጥ ስንገባ ልዩነቱ ጠፋ። ቢሮ ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ሙከራ ምንም አይነግረውም፤ በረንዳ ላይ ለምትሠራ ሴት ግን ግማሹን ውሳኔ ይሰጣል።

ከዚያ የአማርኛ መጻፊያውን ሞክሩ። ጂቦርድ አማርኛን ስለሚደግፍ በሁለቱም ላይ ይሠራል። በአንድ እጅ ይዛችሁ፣ በአውራ ጣት ብቻ፣ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የላቲኑን እንጂ የፊደላችንን መጻፊያ በአንድ እጅ ሳይሞክሩ መግዛት ስሕተት ነው፤ የእኛ ፊደል ብዙ ነካ ነካ ይጠይቃል፣ ጣትም ከጥግ ጥግ ይሄዳል።

ስልኩን ስትመልሱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከገዙት ወዲህ ምን አስመረረዎት?» ጥሩነቱን አትጠይቁ፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ያመሰግናል። እማማ «የቻርጀሩ ቀዳዳ አቧራ ይሞላብኛል» አሉ። አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኖት 13 ለአቧራና ለውኃ ፍንጣሪ አይፒ54 የተባለ ደረጃ ሲኖረው ለኤ15 እንዲህ ያለ ደረጃ አልተገለጸም፤ ያም ሆኖ የቻርጀሩ ቀዳዳ በሁለቱም ክፍት ስለሆነ አቧራው ይገባል። ተማሪው ደግሞ የተማረረው በማስታወቂያ ነው፤ ሬድሚ ከራሱ ጋር የሚመጡ መተግበሪያዎች ውስጥ ማስታወቂያ ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ አንድ በአንድ እየገቡ ማጥፋት ይቻላል፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንጂ።

5. ኔትወርኩን ቤታችሁ ውስጥ ፈትኑ

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ኮንክሪትና ብሎኬት ስለሆነ ደጅ ላይ የሞላ ኔትወርክ ማዕድ ቤት ሲገባ ይደክማል። ሁለቱን ስልኮች ስታወዳድሩ አንዱን ሲም አውጥታችሁ በተራ በሁለቱም ውስጥ ክተቱት። በአንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ በሌላው የሳፋሪኮም ሲም አድርጎ «ይሄኛው ስልክ ይስባል» ማለት ስልክን ሳይሆን ድርጅትን ማወዳደር ነው።

የኔትወርኩን ዘንጎች አትቁጠሩ። ስንት ዘንግ እንደሚታይ የሚወስነው እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው፤ የአንዱ ሦስት የሌላው አራት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሴቲንግ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለውን ገጽ ክፈቱና ዲቢኤም የሚል ቁጥር ፈልጉ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከ-110 ይልቅ -90 የተሻለ ነው። ማዕድ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ደረጃው ላይ እየቆማችሁ የሁለቱንም ጻፉ፤ አንዴ ደውሉም። እኛ ጋ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። 5ጂ ያለው ስልክ ለመግዛት ገንዘብ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ 5ጂ ያለው ጎረቤት ምልክቱ ቤቱ ውስጥ ይታየው እንደሆነ ጠይቁት።

6. ባትሪው ሳይሆን ቻርጀሩ

ሁለቱም 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ስለሆኑ በባትሪ መጠን እኩል ናቸው። የሚለያቸው አሞላላቸው ነው። ኤ15 እስከ 25 ዋት፣ ኖት 13 እስከ 33 ዋት ይቀበላል። ከዚህ የሚከብደው ግን የካርቶኑ ነገር ነው፤ ሳምሰንግ ከኤ15 ጋር ቻርጀር አያስገባም፣ ገመድ ብቻ ነው። ሬድሚ 33 ዋቱን ቻርጀር ጨምሮ ነው የሚመጣው። ቤት ባለ አሮጌ ቻርጀር ኤ15ን ብትሰኩት ይሞላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። መብራት ለአንድ ሰዓት መጥቶ ሲሄድ «ቀስ ብሎ» ማለት ስልክ ጠፍቶ ማደር ማለት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ሁለቱም 30 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ በየራሳቸው ቻርጀር ሰክታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንት እንደደረሱ መዝግቡ። ለኤ15 የሚሆን ባለ 25 ዋት ቻርጀር ከሌላችሁ ዋጋውን ጠይቃችሁ በስልኩ ዋጋ ላይ ደምሩ።

ፖወር ባንክ ለሚያስቡ፦ 10,000 የተጻፈበት ባለ 5,000ውን ስልክ ሁለት ጊዜ አይሞላም። የተጻፈው የውስጡ ባትሪ መጠን ነው፤ ኃይሉ ወደ ስልኩ ሲሻገር ይባክናል። አንድ ጊዜ ተኩል ከሞላ ጥሩ ነው።

7. ካሜራውን በምትሸጡት ነገር ፈትኑ

ኖት 13 108 ሜጋፒክስል፣ ኤ15 50 ሜጋፒክስል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። 108ቱ እንደ ወትሮው ፎቶ ሲነሳ ዘጠኝ ዘጠኙ ነጥብ ወደ አንድ ተጠቃሎ 12 ሜጋፒክስል ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን አሳንሶ ይልካል። ደንበኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ የምናነሳውን አነሳን። አንድ ሰፌድ በርበሬ፣ መጀመሪያ በረንዳ ላይ፣ ቀጥሎ ማታ ማዕድ ቤት አምፖል ሥር። በሁለቱም ስክሪን ላይ በርበሬው ከሰፌዱ ላይ ካለው ይልቅ ደምቆ ታየ፤ አሞሌድ ስክሪን ቀለም ማድመቅ ይወዳል። እህቴ «ይህን አይቶ ያዘዘ ሰው እቃው ሲደርሰው ይቆጣኛል» አለች። አራቱንም ፎቶ በቴሌግራም ለራሷ አሮጌ ስልክ ላከችና በዚያ ስንጥቅ ስክሪን ላይ አወዳደረቻቸው። በረንዳ ላይ የተነሱት አይለዩም። አምፖል ሥር የተነሱት ሁለቱም ደብዘዝ ብለዋል፤ ሁለቱም ባለ 4ጂዎች እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌንሱን የሚያረጋጋ መሣሪያ የላቸውም። ውሳኔዋ «ፎቶ በቀን ነው የማነሳው» ሆነ፤ ካሜራ ከመወዳደሪያው ወጣ።

ቪዲዮ ላይም ሁለቱ እኩል ናቸው። ድምፅ ላይ ግን አይደሉም፤ ኖት 13 ሁለት ድምፅ ማጉያ አለው፣ ኤ15 አንድ። የኤ15ን ድምፅ ማጉያ በእጅ ስትሸፍኑት ድራማው ይታፈናል።

8. የሲም ማስገቢያው

ሁለት ሲም የምትይዙ ከሆነ በሁለቱም ስልኮች ላይ ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪ ካርዱ አንድ ቦታ ይጋራሉ። ወይ ሲሙ ወይ ካርዱ ነው። ስለዚህ ማከማቻው 128 ይሁን 256 ጊጋባይት የሚለውን ስትገዙ ወስኑ፤ በኋላ በካርድ አስፋለሁ ማለት ላይሆንላችሁ ይችላል።

9. ጥገና ቤት ጎራ በሉ

ስልክ ከመግዛቴ በፊት ጥገና ቤት የምሄድ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን ከሻጭ የማይገኝ እውቀት ያለው እዚያ ነው። የሰፈራችሁን ጠጋኝ «የእነዚህ የሁለቱ ስክሪን ቢሰበር ስንት ያስወጣል? አሁን እጅህ ላይ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስልኩ ርካሽ ሆኖ ስክሪኑ የስልኩን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ማስታወቂያ ላይ አታገኙትም። የኤ15 የጣት አሻራ ማንበቢያ ጎኑ ላይ፣ ማብሪያው ቁልፍ ላይ ነው። የኖት 13 ስክሪኑ ሥር ነው። ኦሪጅናል አሞሌድ ሲወደድ ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ርካሽ የኤልሲዲ ስክሪን (ነጥቦቹ በራሳቸው ሳይሆን ከኋላ ባለ መብራት የሚበሩ) ይቀይራሉ፤ ኤልሲዲ ሥር ያለ የጣት አሻራ ማንበቢያ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ኖት 13 ላይ ርካሹን ከቀየራችሁ አሻራችሁ ይቀራል፤ ኤ15 ላይ ይተርፋል። ስልክ የመጣል ልማድ ላለው ሰው ይህ ከ1,800 ኒት ይበልጥ ይመዝናል።

ዕድሜንም እዚሁ አስቡት። ሳምሰንግ ለኤ15 የአራት ትውልድ የአንድሮይድ ማሻሻያና የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ስልኩ ከወጣበት ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ ነው። ዛሬ የባንክ ሂሳባችን ስልካችን ውስጥ ስለሆነና የባንክ መተግበሪያዎች በጣም ያረጀ አንድሮይድ ላይ መሥራት ስለሚያቆሙ እኔ ይህን ከምንም አስበልጣለሁ።

እህቴ ግን አልተስማማችም። «አምስት ዓመት የቆየልኝ ስልክ የለም፤ ፀሐይ ግን በየቀኑ አለ» አለች። መከራከሪያ አላገኘሁም። እሷ ኖት 13ን መረጠች፤ ለእናታችን የሚሆን ቢሆን ኤ15 እናደርገው ነበር።

10. ዋጋውን በአንድ ቀን ሰብስቡ

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለፈው ወር የሰማችሁት ዋጋ ለዛሬ አይሆንም። ቢያንስ ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ ደውሉ። ወረቀታችሁን እያነበባችሁ ሙሉ ስሙን፣ ራሙን፣ ማከማቻውን፣ የሞዴል ቁጥሩን ተናገሩ። «ዋስትናው የስንት ወር ነው? የማን ነው፣ የሱቁ ወይስ የአስመጪው? ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?» በሉ። በስልኩ ዋጋ ላይ ከቨር፣ የስክሪን መከላከያና ካስፈለገ ቻርጀር ደምራችሁ የመጨረሻዎቹን ድምሮች አወዳድሩ። ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ከሰማችሁ ያገለገለ ታጥቦ የታሸገ ወይም ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

11. ሱቅ ውስጥ፣ ከመክፈል በፊት

ሁለት የሚሠሩ ሲሞች፣ ዳታ ያለው ሌላ ስልክ፣ ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ አውቶቡስ አትጋፉ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ፤ በአንድ ቀን መላክ የሚፈቀደው ጣሪያ እንደሚበቃ ግን ከቤት ሳትወጡ እዩ።

ካርቶኑ እናንተ ፊት ይከፈት። ስልኩ ሲበራ *#06# ደውሉ፤ ባለ ሁለት ሲም ስለሆነ 15 አኃዝ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ካርቶኑ ላይ ካሉት ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ አይታችሁ አትለፉ። «ስለ ስልኩ» ገብታችሁ የሞዴል ቁጥሩን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ፕሌይ ስቶር መኖሩን እዩ።

ስክሪኑን ለመፈተን ሳምሰንግ ላይ *#0*# ስትደውሉ የሙከራ ገጽ ይከፈታል፤ ሬድሚ ላይ *#*#6484#*#* ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ሙሉ ስክሪኑን ሲሞላ የሞተ ነጥብ ወይም መስመር ካለ ይታያል። ጣታችሁን ከጥግ ጥግ አስኪዱ። የጣት አሻራ አስመዝግቡና አምስት ጊዜ ክፈቱበት። በፊትና በኋላ ካሜራ አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ቻርጀር ሰክታችሁ መሙላት መጀመሩን እዩ። ሻጩ «እቃው አዲስ ነው፣ ምን ያስፈልጋል» ብሎ ይቸኩልባችሁ ይሆናል። «ከኮዬ ነው የመጣሁት» በሉት፤ ይገባዋል።

የዋስትና ወረቀቱ ላይ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ፤ በእኛ ከሆነ በእኛ፣ በፈረንጅ ከሆነ በፈረንጅ መሆኑ ይጠቀስበት፤ የስልኩ ሁለት ቁጥሮችም ደረሰኙ ላይ ይስፈሩ። እህቴ ይህን ሁሉ ጨርሳ ገንዘቡን ልትልክ ስትል የቀረው ሁለተኛው ሲም ብቻ ነበር። ከተተችውና ደወልኩላት፤ ጠራ፤ አነሳችና ሻጩ ፊት ቆማ «ሄሎ፣ በርበሬ ስንት ኪሎ ልላክልዎ?» አለችኝ።